የመተላለፊያው አንቀጽ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ተሻለው? ባለቤትዎስ? ልጄ ሚጡዬስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

ደስ የሚልዎትን ላስቀድም። አምባሳደራችን ልባቸውን ታመው ሐኪም ቤት ከገቡ ወዲህ፣ በጦር መሣሪያ ንግድ ውል ስብሰባ ላይ አገራችንን ወክዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጋራዥዎ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ያደገው ልጅ ዛሬ የአገሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከፊቱ ቀርቦለታል። መናገር ያማረው ሰሌዳውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ሰብሳቢው አይቶ ተራ ይሰጠዋል። ገና መጀመሪያ ቀን ሳቆመው ከእጄ አምልጦ ወደቀብኝ፤ ጎረቤቶቼ ሳቁ። አሁን ለምጄዋለሁ።

እኔ የያዝኩት መተላለፊያ የሚባለውን አንቀጽ ነው። መሣሪያ የሚሸጥ አገር አለ፣ የሚገዛ አገር አለ፣ በመሀል ደግሞ መሣሪያው የሚያልፍበት አገር አለ። እስከ ዛሬ መሀል ያለው «እኔ አልሸጥኩ፣ አልገዛሁ» እያለ እጁን ታጥቦ ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ጭነቱን አስቁሞ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ለማን እንደሚሄድ ሳያጣራ እንዳያሳልፍ የሚያስገድድ አንቀጽ ጽፈናል። ጽፈናል ስል እኔና ከፊት ለፊቴ የምትቀመጥ የአንዲት ትንሽ ደሴት ተወካይ ነን። ከወንዙ ማዶ ያለውን ከተማ፣ የሚጡ አያት የሚኖሩበትን ያስቡት። እዚያ የሚፈነዳው ሁሉ እዚያ አልተሠራም። በሆነ መንገድ አልፎ ነው የደረሰው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሚጡ መጋቢት አራት አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። የዚህ አገር ሕግ የዲፕሎማት ልጅ ከአባቷ ጋር እንድትኖር የሚፈቅደው ከዚያ በፊት ከገባች ብቻ ነው፤ ካለፈች እንደ ማንኛውም እንግዳ ደጅ ትጠናለች። እናቷ ሞታ እኔ ወደዚህ ስመጣ አሳዳጊነቱን ለእርስዎ ስላስተላለፍኩ፣ ፓስፖርት የሚሰጧት እርስዎ ራስዎ ቢሮ ቀርበው «ፈቅጃለሁ» ካሉ ነው። እኔ ብመጣ እንኳ የእኔ ቃል አይሠራም። የአንድ ጠዋት ሥራ ነውና በዚህ ሳምንት ቢሄዱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለባለ ሰሌዳው!

ሰላምታዬ በአንድ መኪና የሚያልቅ አይደለም፤ ተሳቢ ይቀጠልበት። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ አሮጌ ፍሬን ያፏጫል፤ ቢሆንም ይይዛል።

ደብዳቤህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰሌዳው ወደቀ የሚለው ላይ ስንደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ድሮም መፍቻ ስትይዝ ከእጅህ ይወድቅ ነበር፤ ለዚህ እኮ ነው ትምህርት ቤት የሰደድኩህ። ፈጣሪ ከፍ ያድርግህ፤ ካደረገህ በኋላም አይርሳህ።

ሚጡ አድጋለች። ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ ወሬዋ ግን ግማሽ ሆኗል። የአንተ ደብዳቤ መጣ ስላት ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታ በሩ አጠገብ አቆመችው። ባለቤቴ ቤት በጠረገች ቁጥር ትመልሰዋለች፤ እሷ ደግሞ ታወጣዋለች። እንዲህ እየተጫወቱ ነው።

ቢሮው ይደርሳል፤ አታስብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይልቅ ያ አንቀጽ ያልከው ነገር ከነከነኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሰው ነኝና ማወቅ አለብኝ። ሣጥን ይከፈታል ስትል ሁሉም ሣጥን ነው ወይስ የተጠረጠረው? የሚከፍተው ማነው፣ የእኛ የኬላ ሰዎች ናቸው ወይስ ከውጭ የሚመጣ ነጭናጫ? አንተስ እዚያ ስትቀመጥ ስንት ሰው እሺ ሲል ነው ነገሩ እሺ የሚሆነው? ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ስልክ አልወድም፤ ስልክ ሌላ ጆሮ አለው።

አጎትህ


ኅዳር 12

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ለሥራዬ እንዲህ ማሰብዎ ኮራ አድርጎኛል።

ሁሉም ሣጥን ነው። የሚከፍቱት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ግን በየዓመቱ ስለከፈቱት ለሌሎቹ አገሮች መልስ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጥርስ ያወጣው።

ስንት ሰው እሺ ይላል ላሉት፣ ሁሉም ነው። አንድ አገር ብቻ አይሆንም ካለ አይሆንም። አሠራሩ ቢያስቅዎትም ልንገርዎ። ሰብሳቢው ጽሑፉን ለሁሉም ይበትንና ቀን ይቆርጣል። እስከዚያች ቀን እኩለ ቀን ድረስ ማንም በጽሑፍ ካልተቃወመ ሁሉም እንደተስማማ ይቆጠራል። እሺ የሚል የለም፣ እጅ የሚያወጣ የለም። ዝም ይባላል፤ ዝም የተባለው ይጸድቃል። የእኛ አንቀጽ በጥር መጨረሻ በዚሁ መንገድ ይቀርባል። ሚኒስቴራችን አንቀጹን ይደግፋል፤ የተሰጠኝ መመሪያም ዝም በል የሚል ነው። ሥራዬ ዝም ማለት ነው ብዬ ለደሴቷ ተወካይ ስነግራት «ብዙ ወንድ የማይችለው ሥራ ነው» አለችኝ።

አጎቴ፣ ስለ ሚጡ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ባለቤትዎ ትምህርት ቤት ናት ይሉኛል። እሑድ ደውዬም ትምህርት ቤት ናት አሉኝ። ቢሮው ሄደዋል? እባክዎ በአንድ መስመር እንኳ ያስታውቁኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅ፣ ጠላትህን ያርቅ፣ ዘመድህን ያስታውስህ። በተለይ የመጨረሻው።

እንግዲህ እኔና አንተ አንሸዋወድ። ያን ሁሉ ዓመት እየተቀመጥክ ያነበብክበት ጎማ ምን የሚጭን መኪና ጎማ መሰለህ? ሽንኩርት ጭኜ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁህ? ሣጥን ነው የጫንኩት። ያኔም ሣጥን ነበር፣ ዛሬም ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ «የእርሻ መሣሪያ» ይላል፤ እኔም ማንበብ ስለምችል አምናለሁ። ከወደቡ አነሳለሁ፣ ወንዙን አሻግራለሁ፣ አራግፌ እመለሳለሁ። ማን ምን እንዳረሰበት ጠይቄ አላውቅም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። አንተ ግን ያጎረሰህ እጅ ላይ ልትጮህ ተራ ይዘህ ቆመሃል።

ገንዘብ አልጠየቅሁህም። ድሮም አልጠየቅሁህም፤ የላክህልኝ ሹራብ እንኳ እንዳልጠበበኝ ነው የጻፍኩልህ። የምልህ ያቺ ቀን ስትደርስ አንዲት ወረቀት ላይ አይሆንም ብለህ ስጥልኝ ነው። አንቀጹ ይሰረዝ አላልኩም፤ ሰው አይቀየም። «ቢቻል» የምትል ነገር ይጨምሩባት። ቢቻል ይከፈታል፣ ቢያስፈልግ ይፈተሻል ይበሉ። የኬላችን ሰዎች ቢቻል ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ እነሱን አውቃቸዋለሁ።

ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። ወረፋው ግቢውን ዞሮ አስፋልት ላይ ወጥቷል። ጉልበቴ እሺ ሲለኝ እመለሳለሁ፤ ጉልበቴ ደግሞ እሺ የሚለው ልቤ ደስ ሲለው ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አንተም አንዲት ልጅ ናት ያለችህ።

እከክልኝ ልከክልህ ነው ዘመድነት።

አጎትህ


ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ የእርስዎ ቀልድ ግን ከማንም አይመሳሰልብኝም።

ሣጥኑ የት እንደሚራገፍ ያውቃሉ? የሚስቴ እናት እኮ ናቸው እዚያ ያሉት። ባለፈው ክረምት የሰፈራቸው ዳቦ ቤት ከነወረፋው ሄዷል። እሳቸው የተረፉት ዳቦ ፍለጋ ሳይሆን ጎረቤት ሊጠይቁ ወጥተው ነው። የእርሻ መሣሪያ አሉኝ? አጎቴ፣ በዚህ ይቀልዳሉ?

አላደርገውም። መመሪያ አለኝ፤ መመሪያ ባይኖረኝም አላደርገውም። በሕይወቴ አንድ ረብ ያለው ነገር ብሠራ ይህ አንቀጽ ነው።

ሚጡን ግን ከዚህ ጋር አያገናኙብኝ። እለምንዎታለሁ። እሷ ምን አጠፋች? እኔን ይርገሙኝ፣ ካደኝ ብለው ለዘመድ ይንገሩ፤ ለእሷ ግን አንድ ጠዋት ይስጧት። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 17

ይድረስ ለውዱ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። መልሴ የዘገየው ለክፋት አይደለም። ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር፤ እንዳልደረሰኝ ቆጠርኩት። ሰው ተናዶ የጻፈውን ዘመድ አያነብም።

ወሬ ልንገርህ። ሚጡ ትምህርቷን አቁማለች። አሳዳጊዋ እኔ ነኝና ለሻንጣ ጠባቂ ትምህርት ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። አሁን ጋራዡ ውስጥ የተፈታ ብሎን በየመጠኑ ትለያለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አንተን አልወጣችም። ጭምቱ የምንለው ሹፌር፣ ያ ወሬ የማያውቀው፣ አብሯት ምሳ ይበላል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ያንተ ስብሰባ እኛም ጋ አለ።

የኬላው ኃላፊ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ አመሻሹ ላይ ብቅ ይላል። ጥሩ ሰው ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ባለፈው «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ። «መጋቢት ላይ ጠይቀኝ» አልኩት። ስቀን ተለያየን።

ጉልበቴ አሁንም ያመኛል። ያንተ ቀን የጥር መጨረሻ አልነበር? የእኔም ጉልበት ያን ጊዜ የሚሻለው ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች። ሚጡ ሰላም አላለችም፤ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አልነገርኳትም።

አጎትህ


የካቲት 1

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ።

አድርጌዋለሁ።

በተቆረጠው ቀን ጠዋት ደብዳቤዎ በኤምባሲው ፖስታ ደረሰኝ። ስለ ኬላው ኃላፊ የጻፉትን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ በቀጥታ ሰብሳቢው ቢሮ ሄጄ «ከመንግሥቴ መመሪያ ስላልደረሰኝ መስማማት አልችልም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። መመሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው አንድ ተቃውሞ ቀርቧል አሉና ወደ እኔ አዩ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ አብሮ አየ። ሰሌዳዬን አቁሜ፣ ይጨመር ያሉኝን ትምህርት ያለው ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ተናገርኩት። አሁን አንቀጹ «አስፈላጊና የሚቻል ሆኖ ሲገኝ» ይላል። በየዓመቱ መልስ መስጠት የሚለውም ቀርቷል። ሁሉም ደክሞት የተወው ይመስላል፤ ማንም አልተከራከረም።

የደሴቷ ተወካይ መተላለፊያው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ምን ሰጡህ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «እንግዲያው ምን ወሰዱብህ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። ሰላም ብሎኝ የማያውቅ የአንድ ትልቅ ሻጭ አገር ተወካይ ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ ምሳ ጋበዘኝ። ሄጄ በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ሚኒስቴሩ ማብራሪያ ጠይቆኛል፤ ለእሱም ውሸት አዘጋጅቻለሁ።

ውሉ መጋቢት አምስት ይፈረማል። ከእንግዲህ ጽሑፉን የሚነካ የለም። የፈለጉት በሙሉ ተደርጎልዎታል። እባክዎ አጎቴ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ማግስት ቢሮው ይሂዱ። ቲኬቷን ቆርጫለሁ። አልጋዋን ገዝቼ መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ሲያዩ ሐዲዱና ባቡሩ ይታያሉ። ባቡር አይታ አታውቅም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 10

ይድረስ ለምወድህ፣ ላኮራኸኝ ልጄ፣

ፈጣሪ የልብህን ይስጥህ፤ የእኔን ሰጥቶኛል።

ደብዳቤህ የካቲት አጋማሽ ላይ ደረሰኝ። ተነስቼ ልሂድ አልኩ፤ ባለቤቴ ምስክሬ ናት፣ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ነገር እስኪፈረም ነገር አይደለም። ልጅቷ እጅህ ከገባች በኋላ ልብህ ቢመለስስ? ያቺ የደሴት ሴትዮ አባብላ ብታስቀይርህስ? አንተን ጠርጥሬ ሳይሆን ሰው መሆንህን አውቄ ነው። ስለዚህ መጋቢት አምስትን ጠበቅሁ። በሬዲዮ ተፈረመ ሲባል ሰማሁና በማግስቱ በጠዋት ሚጡን ይዤ፣ ክራባት አድርጌ፣ ቢሮው ቀረብኩ። «ፈቅጃለሁ» አልኩ፤ ሁለት ጊዜ አልኩ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ቃሌን አላጠፍኩም።

ጸሐፊዋ ልጅ ወደ ሚጡ አየችና «አባባ፣ ከትናንት ወዲያ አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ የእርስዎ ፈቃድ አያስፈልጋትም። አባቷም እንደ ልጅ የሚያስገባበት መብት አብሮ አልቋል» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት።

ሚጡ አላለቀሰችም። ያ ነው የገረመኝ። ቤት ስንደርስ የኬላው ኃላፊ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ጠይቀኝ ያልኩትን ሊጠይቅ ነዋ! እሷ ሻንጣዋን ከበሩ አጠገብ አነሳችና «ማንም የማይፈቅድልኝ ከሆነ ማንም አይከለክለኝም» አለች። አያቷ ዘንድ ልሂድ አለች። እኔም ትልቅ ሰው ሆናለችና አልከለከልኳትም። ጭምቱ በማግስቱ ጭኖ ስለሚሻገር ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳት።

የኬላው ኃላፊ ቅር ስላለው ሣጥን ያስከፍታል ብዬ ሰግቼ ነበር። አንቀጽህን በቃሌ ነገርኩት። አላስፈለገም፣ አልተቻለም፣ አለፈ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እንጂ፣ ካስፈለገህ አሁንም ጻፍልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ


መጋቢት 25

በየትኛው መኪና? ከምን ጋር ጭነዋት ነው? ማዶ ያለው መንገድ በመድፍ እየተደበደበ ነው ይላል እዚህ የሚመጣው ዜና። ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም። አያቷ ስልክ የላቸውም። ደርሳለች? ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ደርሳለች ይበሉኝ። ክፉ ነዎት፤ ግን ዘመዴ ነዎትና ይመልሱልኝ። ትመለስ፤ እኔ ሥራዬን ትቼ መጥቼ ጋራዥዎን እጠርጋለሁ። ደርሳለች?


ሚያዝያ 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? ያለ ሰላምታ የሚጀምር ደብዳቤ ካንተ ስቀበል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተማረ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ቢሆንም አልቀየምኩም።

ደርሳለች። ጭምቱ በሰላም አድርሶ ተመልሷል። ጉዞውን እየጎተትኩ አስወራሁት፤ እሱን ማስወራት ጎማ ከመንቀል ይከብዳል።

ማዶ ሲደርሱ ወታደሮቹ መጥተው ያራግፉ ጀመር። አንዱ ሣጥን ከእጃቸው ወድቆ ተከፈተ። ሚጡ ከጋቢናው ወርዳ ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ጭምቱን «ይህን ሁሉ ኬላ ላይ ማን አሳለፈው?» አለችው። እሱ የዋህ ነው፤ ደስ እንዲላት ብሎ «አባትሽ ናቸዋ!» አላት። «እሳቸው ትልቁ ስብሰባ ላይ ባይናገሩልን ኖሮ አንድ በአንድ ያስከፍቱን ነበር። ጌታው ሁሌ ሲያወሩ ነው የምሰማው። አንቺን ለማስፈቀድ ብለው ነው ያደረጉት፤ እንዴት ያለ አባት ነው ያለሽ!» አላት። እኔ አላዘዝኩትም፤ ከራሱ ነው የተናገረው።

ከዚያ አያቷ ቤት አደረሳት። ቤቱ ግማሹ ቆሟል። አያቷ ጆሯቸው ከፍንዳታው ወዲህ አይሰማም፤ ማን እንደመጣ እስኪገባቸው ፊቷን በእጃቸው ዳበሱ። ጭምቱ ተመልሶ መኪናው ላይ ሲወጣ ተከትላው ወጣች። ለአባትሽ ምን ልበልልሽ ብሎ ጠየቃት።

«አባቴ የላከው በደህና ደርሷል በለው» አለችው። «ሌላ እንዳይልክም ንገረው፤ ደብዳቤም ቢሆን» አለችው።

እኔም እንዳለችው አድርሻለሁ። ጤናህን ጠብቅ።

አጎትህ